በነጠላ ተጠቅልሎ የወጣው

ጠረጴዛዬ ላይ የተሰበረ መኪናና የተዘረፈ ሱቅ ፋይል ተቆልሎ እያለ፣ ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ ቀለበት ተላክሁ። «አባትየው የሚናገሩት አማርኛ ነው» አለኝ አለቃዬ። «ልጅየው ደግሞ ስልካችንን ሊጨርሰው ነው። ሂጂና ገላግይን።»

የወርቅውሃ እባላለሁ። ኦክላንድ ፖሊስ ውስጥ ስርቆት የምመረምር ዲቴክቲቭ ነኝ። ሽጉጥ የያዘ ሰው ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ውሻ ግን እፈራለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ እንዳትስቁብኝ ነው።

በሩን የከፈተልኝ ሚክያስ ነው። አርባዎቹን የጀመረ ወንደላጤ፣ ሳኒቬል ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር፣ ፊቱ እንቅልፍ ያላየ። ከኋላው ጥጃ የምታህል ውሻ ጭራዋን እየቆላች መጣች። እኔ ወዲያው ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ።

«ቦባ ናት፤ ሰው አትነካም።»

«ውሻ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ያዝልኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ አቶ ሰረቀብርሃን ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ሰኞ ማታ ሚክያስ ከሥራ ሲገባ የአባቱን ጣት አየ፤ የጋብቻ ቀለበታቸው የለም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ሽማግሌው ያን ቀለበት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። አባትና ልጅ ቤቱን ገለበጡት፣ ሶፋውን ገነጣጠሉት፣ ቆሻሻውን በተኑት። የለም።

«ሰኞ ከሰዓት ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው» አለ ሚክያስ። «አባቴና የምትጦረው ኬርጊቨር፣ ንግስቲ። ይልቅ ይህን እዪ።»

ስልኩ ላይ የጓሮ በሩን ካሜራ ከፈተልኝ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት በጓሮ በር ይወጣሉ። ነጠላቸውን አንድ ነገር ላይ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ግራ ቀኝ አይተው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

«ቀለበት እንዲህ ይጠቀለላል እንዴ? ይሄ ድፎ ዳቦ ያህላል።»

«ምን አውቃለሁ! ሌላም ነገር ወስዳ ይሆናል። ማታ ኮል አድርጌ 'ምን ይዘሽ ነው የወጣሽው?' ስላት መንተባተብ ጀመረች። የቀጠራት ኤጀንሲ ጋ የክስ ኮምፕሌይን ላስገባ ነው።»

«እስከ ዓርብ ታገሠኝ።»

እንዲታገሠኝ የለመንኩት ለራሴ አልነበረም። የሰው ቤት ገብቶ ሽማግሌ የሚጦር ሰው ሁሉ ነገሩ ስሙ ነው። አንድ ጊዜ «ሰርቃለች» የሚል ነገር ከተጻፈባቸው፣ ወይዘሮ ንግስቲን ከዚያ በኋላ ደጁን የሚከፍትላቸው ቤተሰብ አይኖርም። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል?

አቶ ሰረቀብርሃን ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው ላይ ሥዕለ አድኅኖ፣ ከሥሩ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ። ቦባ እየተከተለችን መጥታ ደፉ ላይ ስትደርስ እንደ ወታደር ቀጥ አለች።

«እሷ እዚህ አትገባም» አሉ ሽማግሌው። «ሥዕልና ጸበል ባለበት ውሻ? በሰንበቴም ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። የኛ ሰው አሜሪካ መጥቶ ከውሻ ጋር መተኛት ለመደ!»

በልቤ ‹ተባረኩ› አልኳቸው።

«አባባ፣ ቀለበቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ሰኞ ምሳ ላይ። ንግስቲ ስታስታጥበኝ አወለቅሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። በልቼ ስታጠብ ደግሞ መልሼ… ያጠለቅሁት ይመስለኛል። እንጃ ልጄ፣ የዘወትር ልማድ ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?»

እጃቸውን አየሁ። ሁዳዴ ገና መፈታቱ ነው፤ ጣታቸው ሰልሏል፣ አንጓው ብቻ ነው የቀረው።

«ሰፍቶዎት ወድቆ ይሆን?»

«ከዚች አንጓ አያልፍም። ብዙ ጾም አብረን ጾመናል።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ንግስቲ በነጠላ ጠቅልለው የወጡት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ንጹሑን መስታወት ይጠርጉ ጀመር። «እኔ አላየሁም። ንግስቲን ግን አትንኳት። የሰው ነገር አትነካም።»

«እንዳልነካት ምን እንደነበር ይንገሩኛ!»

«አላየሁም አልኩ እኮ!»

ሥራዬ ውሸት መስማት ነው። እንደ አቶ ሰረቀብርሃን መዋሸት የማያውቅበት ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለምን እንደሚዋሹ ብቻ አልገባኝም።

የመጀመሪያዋን ተጠርጣሪ የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ቦባ። ሚክያስ እንደነገረኝ ይቺ ፍጡር የማትበላው ነገር የለም። ካልሲ በልታለች፣ የሪሞት ክዳን በልታለች። ሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ቀለበት ተቀምጦ ከነበረ ምን ትምራለች? ከሰዓት በኋላ እዚያው ኦክላንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድናትና ኤክስሬይ ተነሣች። እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኜ ነው ያየሁት።

«ወርቅ ከሆነ አይደበቅም» አለን ሐኪሙ። «ከአጥንት ይልቅ ደምቆ፣ ነጭ ሆኖ ይታያል።»

ስክሪኑ ላይ የቦባ ሆድ ወጣ። ጉድ በል! አንድ የዚፐር ራስ፣ አንድ የቢራ ቆርኪ፣ ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ጭራ ያላት ባቄላ የምትመስል ነገር። ሚክያስ ስክሪኑን ባየ ጊዜ አንገቱን ደፋ።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«የጆሮ ማዳመጫዬ። ባለፈው ወር ጂም ውስጥ ሰረቁኝ ብዬ…»

«ሰው አስጠርጥረህ ነበር?»

«አንድ ልጅ… ፎጣ የሚሰበስበውን ልጅ። ግን ያ ዲፈረንት ነው።»

«በምኑ ነው ዲፈረንት?»

ማዳመጫው ባትሪ ስላለበት እዚያው አስተኝተው አወጡላት። ቀለበት ግን የለም። ቦባ በማስረጃ ነጻ ወጣች፤ የሚክያስ ዓይን ደግሞ ይባስ ወደ ወይዘሮ ንግስቲ ዞረ።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ሰው ብቅ አለ። ሚክያስ ረስቶት እንጂ፣ ሰኞ ከምሳ በፊት ጋሻው የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ ነበር። በቅርቧ ከተማ በዳብሊን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ከሲንክ ሥር ግማሽ አካሉ ገብቶ አገኘሁት። ከዚያው ሳይወጣ ነው የተናገረው።

«የኔ እህት፣ እኔ ስወጣ ሽማግሌው ገና ምሳ አልቀረቡም። ቀለበቱን አይቼዋለሁ፤ ሲመርቁኝ እጃቸው ላይ ነበር። ከዚያ በቀጥታ እዚህ መጣሁ፤ እስኪመሽ እዚሁ ነበርኩ። የቢሮውን ኃላፊ ጠይቂያት።»

ኃላፊዋን ጠየቅኋት፤ አልዋሸም። ልሄድ ስል ግን ጋሻው ራሱን አወጣ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ወይዘሮ ንግስቲ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ዘግተው 'በዚያ በኩል አትግባ' አሉኝ። ውስጥ ግን የሚንኮሻኮሽ ነበር። ሰው የደበቁ ነው የመሰለኝ።»

ይሄ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተደበቀ ሰው ካለ ግብረ አበር አለ ማለት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወይዘሮ ንግስቲ ንጹሕ እንደሆኑ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ከዳብሊን ስመለስ ግን ያው ልቤ ይወዛወዝ ጀመር፤ በራሴ ተናደድኩ።

ወይዘሮ ንግስቲ ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው የእኔን ያስንቃል። አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ፊት ለፊቴ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«በነጠላው ውስጥ ምን ነበር?»

«ልብሴ።»

«ልብስ እንዲህ እንደ ሕፃን ይታቀፋል?»

«ያረጀ ልብስ ነው። እንዳይቀደድብኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «ማጠቢያ ክፍል የተዘጋበትስ ማን ነው?»

«ማንም የለም።»

«ሚክያስ ከደወለልዎ በኋላ ማታ የት ሄዱ?»

«ሳን ሆዜ። ወንድሜ ዓንዶም ጋ።» ይህቺ ግን ሳትታሰብ ነው የወጣችው፤ ወዲያው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ያን ጥቅል ይዘው?»

የነጠላቸውን ጥለት ማስተካከል ጀመሩ።

«ወይዘሮ ንግስቲ፣ ይስሙኝ። ዓርብ ኮምፕሌይኑ ይገባል። ከገባ በኋላ እኔም ልረዳዎ አልችልም። ሥራዎ ያበቃል። ይህ ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ቃል አለብኝ ልጄ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አላፈሰሱትም። ዝቅ ባለ ድምፅ «አባባ ሰረቀ ምሳ በሉ?» አሉኝ።

በቃ! ሌባ ተብለው፣ እንጀራቸው ሊቆረጥ ሁለት ቀን ቀርቶት፣ እኔን የሚጠይቁኝ ሽማግሌው ምሳ መብላታቸውን ነው። «አልበሉም፤ ትናንትም ዛሬም ሳህኑን መልሰዋል» አልኳቸው፤ እውነቱም ይሄው ነበር። ያኔ ነው እንባው የወረደው። ሳልሰናበት ወጣሁ።

ሐሙስ ሳን ሆዜ ሄድኩ። አቶ ዓንዶም ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የትራክ ሾፌር ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። መታወቂያዬን ሳሳየው ያ ሁሉ አካል ተሸማቀቀ።

«እህቴን ልቀቋት» አለኝ። «ያመጣችልኝን እመልሳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው በሉ።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። «የት ነው ያለው?»

«ሐኪም ቤት።»

«ምን?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልቀምስ አለ። ምግብ ሳቀርብለት ቁጭ ብሎ አፉን ይከፍታል፤ አይዘጋም። መንጋጋው ተቆልፏል ብዬ ዛሬ ጠዋት ወሰድኩት።»

«አቶ ዓንዶም፣ የምናወራው ስለምንድን ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ስለ ድንቡሼ ነዋ! ስለ እህቴ ውሻ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በነጠላ ተጠቅልሎ የወጣው፣ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚንኮሻኮሸው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፋቸውን የለጎሙበት ምሥጢር ውሻ ነው። ሚክያስ ሲደውል ወይዘሮ ንግስቲ 'ቤቴ መጥተው ያገኙታል' ብለው ፈርተው ወንድማቸው ጋ ደበቁት። እኔ ደግሞ ግብረ አበር ስፈልግ ነበር።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስሟን ደረቷ ላይ አነበብኩት፤ ዶክተር መቅዲ። እዚሁ የተወለደች የኛ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«መንጋጋው እንዴት ሆነ?» አላት ዓንዶም።

«ሂዝ ጆው ኢዝ ፋይን። ባት አይ ፋውንድ ሰምቲንግ።» መንጋጋው ደኅና ነው፤ ያገኘችው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ስክሪኑ ወሰደችን። መጀመሪያ ከጎን የተነሣውን አሳየችን። የትንሽ ውሻ ጎድን፣ አከርካሪ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ አጭር፣ ወፍራም፣ ነጭ ሰረዝ።

«ሚስማር ዋጠ?» አለ ዓንዶም።

«ዛትስ ዋት አይ ቶት። ኦልዌይስ ቴክ ቱ ቪውስ» አለች፤ ሁልጊዜ ከሁለት ጎን አንሡ ማለቷ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች። ይሄኛው በጀርባው አስተኝተው የተነሣ ነው። ያ ሰረዝ የለም። በምትኩ ድቡልቡል፣ መካከሉ ክፍት፣ እንደ ጨረቃ የነጣ ክብ ነገር።

ዓንዶም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። እኔ ግን ያየሁት ቀለበት ብቻ አይደለም፤ የወይዘሮ ንግስቲንም መጨረሻ ነው ያየሁት። የጠፋው ወርቅ እሳቸው ደብቀው ባወጡት ውሻ ሆድ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የባሰ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ድንቡሼን አስተኝተው፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው አስገብተው፣ በትንሽ መቆንጠጫ ያዙና አወጡት። ታጥቦ መዳፌ ላይ ሲቀመጥ፣ ውስጡ ላይ በፊደላችን የተቀረጸ የሴት ስም አነበብኩ። የሚክያስ እናት ስም ነው።

ለሚክያስ ደወልኩ። መደወል ግዴታዬ ነው፤ ምን እንደሚል ግን አውቄው ነበር።

«ኦ ማይ ጋድ! ውሻዋን አስውጣ አስወጣችው!»

«እሱን ገና አላወቅንም።»

«ምን ቀረሽ? ዓርብን አልጠብቅም፤ አሁኑኑ ኤጀንሲው ጋ እደውላለሁ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቆይቶ እንደነገረኝ፣ ወዲያው ደውሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ነቃ። ስሙን የሰጡት አይተውት ነው፤ ክብ፣ ቡናማ፣ አጭር እግር፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ዶክተር መቅዲ ትንሽ ለስላሳ ምግብ በሳህን አቀረበችለት። አላየውም። ቁጭ አለ፣ አንገቱን ቀና አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ከፍቶም ጠበቀ።

«ይኸው፣ ይሄን ነው የምላችሁ!» አለ ዓንዶም። «ቤትም እንዲሁ ነው። ታሟል!»

«ሂ ኢዝ ኖት ሲክ» አለች ዶክተሯ። «ኢትስ ላይክ ሂዝ ዌይቲንግ ፎር ሰምቲንግ።» አልታመመም፤ የሚጠብቀው ነገር አለ ማለቷ ነው።

ውሻውን አየሁት። ይህን አቀማመጥ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። ሠርግ ቤት፣ ልደት ቤት፣ አክስቴ ፊት ለፊት ስቀመጥ… እግዚኦ! ከሳህኑ ላይ በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ አድቦለቦልኩ። ዓይኔ ጥርሱ ላይ ነው። ወደ አፉ ሳስጠጋው ጥርሱን ሳያስነካኝ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀበለኝ። ውጦም እንደገና ከፈተ።

ዶክተር መቅዲ አፏን ያዘች። «ዌይት። ኢዝ ዛት… ጉርሻ?»

«ጉርሻ ነው!» አልኩ፤ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። «ታማሚ አይደለም፤ በእጅ የለመደ ቅምጥል ነው። አቶ ዓንዶም፣ እህትዎ ያጎርሱታል?»

«ንግስቲ? በጭራሽ! እሷ መሬት ላይ በሳህን ነው የምታስቀምጥለት። 'ጉርሻ የሰው ነው' ብላ ትቆጣለች፤ እኔንም ተቆጥታኛለች።»

ነገሩንም ከሌላ ጎን ማንሣት ነበረብኝ። ይህን ውሻ ያቀማጠለው ሌላ እጅ ነው። የማንም እጅ ይሁን፣ ሰኞ ዕለት ቀለበት ያጠለቀ እጅ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦክላንድ ደረስን። ወይዘሮ ንግስቲን በመንገዴ አንሥቻቸዋለሁ፤ ድንቡሼ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሚክያስ ሳሎን ውስጥ ክንዱን አጣጥፎ ቆሞ ጠበቀን። ቦባ በኦክላንዱ ሐኪም ትእዛዝ እሱ ክፍል ውስጥ ታስራለች።

«እሷን ለምን አመጣሻት?» አለኝ።

«ዝም ብለህ እይ።» ወደ ወይዘሮ ንግስቲ ዞርኩ። «ይልቀቁት።»

ድንቡሼ መሬት እንደነካ አንዴ አሸተተ፤ ከዚያ በረረ። ኮሪደሩን አለፈ፣ ቦባ ደፍራው የማታውቀውን ደፍ ዘለለ፣ ሥዕሉንም ጸበሉንም አልፎ ቀጥታ የአቶ ሰረቀብርሃን ወንበር ሥር ሄዶ ቁጭ አለ። አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን ከፈተ።

«ድንቡሼ!» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው በራ። «የኔ ጌታ፣ የት ጠፍተህ ነው!»

ይህን እንዳሉ በሩ ላይ የቆምነውን ሁሉ አዩን። እጃቸው የውሻው ራስ ላይ ቀረ።

«አባዬ» አለ ሚክያስ ቀስ ብሎ። «ስሙን ታውቀዋለህ?»

ሽማግሌው ውሻውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉት። 

«እናትህ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን መብላት አቃተኝ። እህሉ አፌ ውስጥ ይዞራል፣ አልወርድ ይላል። ንግስቲ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፤ እንቢ አልኳት። አንድ ቀን ይሄ ታሞባት ብቻውን መተው አልሆነላትም፤ ይዛው መጣች። ምሳ ላይ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። አንድ አጎረስኩት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ 'አንተስ?' ያለኝ መሰለኝ። እኔም ጎረስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ ነው። እንዲህ ነው የምበላው ልጄ። በየቀኑ አምጪልኝ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ሚክያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ አንድ ጥያቄ» አልኳቸው። «ሰኞ ዕለት፣ በልተው ከታጠቡ በኋላ አጉርሰውታል?»

በልመና ዓይን ወደ ወይዘሮ ንግስቲ አዩ። «እሷ 'በቃው፣ ወጥ አያብዙበት፣ ይወፍራል' ብላ ከልክላኝ ነበር። ማስታጠቢያውን ልትመልስ ዞር ስትል ግን… ወጡ ከሥር ቅቤው ተጠራቅሞ… አንድ ብቻ አጎረስኩት። እንዳታየኝ እጄን በሶፍት ጠርጌ ዝም አልኩ።»

«ቀለበቱን አጥልቀው?»

ባዶውን ጣታቸውን አዩ፤ አንጓቸውን ዳሰሱ። ሲገባቸው አየሁ። «ቅቤው» አሉ በሹክሹክታ። «በቅቤ አለፈ። እኔው ነኝ ያጎረስኩት! አንተ ጌታ… ሊገድለው ይችል ነበር?»

«ደኅና ነው። ቀለበቱም ደኅና ነው» አልኩና መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። አላዩትም እንኳ፤ ውሻውን ነው ያቀፉት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሚክያስ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ካሜራውን ሳሳይህ አውቀህ ነበር!»

«ውሻ ይዛ ሥራ ትገባለች ቢባል ኤጀንሲው ያባርራታል ብዬ ፈራሁ። ቀለበቱ ደግሞ የትም አይሄድ፣ ይገኛል አልኩ። እኔስ ብሆን? ቦባን ከደጄ ያባረርኩ፣ ሰንበቴ ላይ ቆሜ የተቆጣሁ ሰው፣ ሥዕል ሥር ውሻ አጉራሽ! በምን ፊቴ ልናገር?»

ወይዘሮ ንግስቲ እስካሁን ከበሩ አልተነቃነቁም ነበር። «እኔም ዝም ያልኩት ለስምዎ ብዬ ነው አባባ» አሉ። «ቃል ስለሰጠሁዎ። ሌባ ሲሉኝ ቻልኩት። እርስዎ ግን የታቀፍኩትን እያወቁ 'አላየሁም' ማለትዎን ከዚች ልጅ ስሰማ… እሱን አልቻልኩትም።»

ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፤ ወይዘሮ ንግስቲ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ሴትየዋ ሮጠው ያዟቸው።

«ኧረ በሕግ! ተው አባባ!»

«በድዬሻለሁ። ፈሪ ሆኜ በድዬሻለሁ። ለቄሱም፣ ለሰንበቴውም ራሴ እናገራለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ይቅር ብያለሁ፤ ቀና ይበሉ።» ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ሚክያስ ስልኩን አወጣ። ስፒከሩን ከፍቶ ኤጀንሲው ጋ ደወለ፤ ሁላችንም ሰማን። «ዛሬ ያስገባሁት ኮምፕሌይን…» ብሎ ተደናበረ። ከዚያ በእንግሊዝኛው ተረጋግቶ ምንም እንዳልሰረቁ፣ የተሳሳተው እሱ እንደሆነ፣ ይህንኑ ጽፎ እንደሚልክ ተናገረ። ሴትየዋ ቀለበቱ የት እንደተገኘ ጠየቀችው።

ድንቡሼን አየ። «ኢን አወር ዶግ» አለ፤ በውሻችን ሆድ ውስጥ።

ወይዘሮ ንግስቲ በእንባቸው መካከል ሳቃቸው አመለጣቸው። ሚክያስ ስልኩን ዘግቶ ፊታቸው ቆመ። ካወቅሁት ጀምሮ «እሷ» ሲላቸው የነበረ ሰው ነው። «እርስዎን አስቀይሜአለሁ» አለ። «ምን እንደምል አላውቅም። ከፈቀዱ ነገ ይምጡልን።»

ወይዘሮ ንግስቲ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሽማግሌውን አዩ፣ ልጁን አዩ።

«እመጣለሁ» አሉ። «በጓሮ በር ግን አልገባም። እሱም አይገባም። የምንገባ ከሆነ ሁለታችንም በፊት በር ነው፤ ጎረቤት እያየ።»

ሚክያስ አፉን ሳይከፍት አቶ ሰረቀብርሃን ከዘራቸውን አነሡ። ኮሪደሩን ግድግዳ እየያዙ፣ ማንንም አላስደግፍ ብለው ሄዱ። የፊት በሩን ቁልፍ ታግለው ከፈቱና እስከ መጨረሻው ገፉት።

«ለምን እስከ ነገ ይጠበቃል? አሁን ውጡና ግቡ!» አሉ።

ወይዘሮ ንግስቲ ድንቡሼን አስከትለው ወጡ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሙ። ማዶ ሣር የሚያጠጣው ጎረቤት ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ዞረው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ገቡ፤ ውሻውም ከጎናቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ አቶ ሰረቀብርሃን፤ ለሁለቱም።